ስለ እኔ የጻፍሽው ወረቀት የት ነው ያለው?

ባለፈው እትም ካውንስለር ጋ ሄዶ ማውራት ምን እንደሚመስል ጽፌ ነበር። እብደት አይደለም፣ ነውርም አይደለም፣ የአማኑኤል ስም ሲጠራ ሁሉም የሚደነግጥበት ጊዜ እያለፈ ነው ምናምን ብዬ። ደብዳቤው ጎረፈ። የሚገርመው ስለ እብደቱ የጠየቀኝ ሰው የለም። ብዙዎቻችሁ የጠየቃችሁት አንድ ነገር ነው፦ «እሺ አወራሁ፣ ከዚያ ያወራሁት የት ይገባል?»

እውነታችሁን ነው። እኛ አገር ሰው ከሕመሙ ይልቅ ወሬውን ነው የሚፈራው። ስለዚህ ይህ እትም ሙሉ በሙሉ ለዚህ ጥያቄ ነው። የግል ቢሮ ከከፈትኩ ቆይቻለሁ፣ የምመልሰውም ከራሴ መሳቢያ ተነስቼ ነው። ደብዳቤዎቹን አሳጥሬያቸዋለሁ። ሌላም ያደረግኳቸው ነገር አለ፣ እሱን ወደ መጨረሻው እነግራችኋለሁ።

ጤና ይስጥልኝ። ካውንስለሬ እኔ ሳወራ አንገቷን ደፍታ ትጽፋለች። ሁሌ ትጽፋለች። ምን እንደምትጽፍ ልጠይቃት ብዬ አፈርኩ። ምንድነው የሚጻፈው? ማንስ ያየዋል?
ሜ.፣ ከአዲስ አበባ

ሜ.፣ ምን ያሳፍራል? የተጻፈው ያንቺ ነገር ነው። በሚቀጥለው ቀጠሮ «እስቲ ልየው» በያት። ደህና ባለሙያ ከሆነች ቅር አይላትም፤ ቅር ካላት ደግሞ እሱም አንድ መልስ ነው።

እኔ የማደርገውን ልንገርሽ። ሁለት ወረቀት አለኝ። አንዱ ቅጽ ነው፦ ስም፣ ስልክ፣ ክፉ ነገር ቢመጣ የሚደወልለት ሰው። ሌላው ማስታወሻ ነው። ሁለቱ አንድ ፋይል ውስጥ አይገናኙም። ማስታወሻው ላይ ቁጥር እንጂ ስም የለም፣ ቁጥሩ የማን እንደሆነ የሚያሳየው ዝርዝርም ሌላ ቦታ ተቆልፎበታል። ሌባ መሳቢያዬን ቢሰብር የሚያገኘው «27፦ እንቅልፍ ተሻሽሏል፣ የአማት ጉዳይ ገና ነው» የሚል ነው። የማን አማት? በዚህ ከተማ በአማት ያልተቸገረ ማን አለና።

ደግሞ ትንሽ ነው የምጽፈው። አንዲት ሴት አለቃዋ ስላደረሰባት ነገር አንድ ሰዓት ሙሉ ብትነግረኝ፣ የአለቃውን ስም፣ የመሥሪያ ቤቱን ስም፣ ቀኑን አልጽፍም። «ሥራ ቦታ የደረሰባት፤ እስካሁን ጥፋቱ የኔ ነው ትላለች» ይበቃኛል። ለቀጣዩ ቀጠሮ የሚያስፈልገኝ እሱ ነው። ያልተጻፈ ነገር አይሰረቅም፣ ታክሲ ላይም አይረሳም።

ታክሲ ያልኩት ያለ ምክንያት አይደለም። ይህን ሁሉ ተምሬዋለሁ፣ የገባኝ ግን በራሴ ጥፋት ነው። ሥራ በጀመርኩ ሰሞን ቀጠሮ የምይዝበት አጀንዳ ነበረኝ። ስም፣ ስልክ፣ ሰዓት። አንድ ማታ ሚኒባስ ታክሲ ውስጥ ጥዬው ወረድኩ። ረዳቱ ደግ ልጅ ነበር፤ የአጀንዳውን ባለቤት ላግኝ ብሎ መጀመሪያው ገጽ ላይ ያገኘው ቁጥር ላይ ደወለ። ስልኩን ያነሳው የደንበኛዬ ታላቅ ወንድም ነው። «አንዲት የስነ ልቦና ባለሙያ ደብተር ረስታ ነበር፣ የእናንተ ስልክ አለበት» አለው። ልጅቷ እኔ ጋ እንደምትመጣ ቤት ውስጥ የሚያውቅ ሰው አልነበረም። በማግስቱ ደውዬ ይቅርታ ጠየቅኳት። ይቅር አለችኝ፣ ግን ተመልሳ አልመጣችም። እውነቱን ለመናገር እኔም ብሆን አልመለስም ነበር።

ከዚያ ወዲህ ስም ያለበት ወረቀት ከቢሮዬ ወጥቶ አያውቅም። ስልኬ ላይም ደንበኞቼ በቁጥር ነው የተያዙት። «ሳራ ዲፕሬሽን» ብለው ስልካቸው ላይ የሚመዘግቡ የሙያ ባልደረቦች አይቻለሁ፣ ሲያናድድ! ትሩኮለርን የመሰለ አፕ ስትጭኚ የስልክ ማውጫሽን ልይ ይልሻል፣ አንዴ እሺ ካልሽው በኋላ ያ ስም የት የት እንደሚዞር አታውቂም። አንቺም ብትሆኚ ካውንስለርሽን «ካውንስለር» ብለሽ አትመዝግቢያት። «ሂሩት ልብስ ሰፊ» በያት፣ ማንም አይጠረጥርም።

ማን ያየዋል ላልሽው፣ ማስታወሻውን የማየው እኔ ብቻ ነኝ። ጉዳዩን የሚሰማ አንድ ሰው ግን አለ፣ ልደብቅሽ አልፈልግም። ከበድ ያለ ነገር ሲገጥመን ልምድ ያለው ባለሙያ እናማክራለን፣ ሱፐርቪዥን እንለዋለን። ጉዳዩን እናወራለን፣ ሰውዬውን አናወራም። ስም የለም፣ ሠፈር የለም፣ መሥሪያ ቤት የለም። ካውንስለርሽ ይህን ታደርግ እንደሆነ ጠይቂያት። አዎ ካለችሽ አትደንግጪ፤ እኔን የሚያሰጋኝ ማንንም ሳያማክር ብቻውን የሚወስነው ነው።

የኔዋ ዘመናዊ ነች፣ ወረቀት አትነካም። ሁሉም ነገር ላፕቶፕ ላይ ነው። ይሻላል ወይስ ይብሳል?
ዳ.፣ ከሐዋሳ

ዳ.፣ የወረቀት ሌባ አንድ መሳቢያ ነው የሚሰብረው። የኮምፒውተር ሌባ ግን አገር ምድሩን ይዞ ነው የሚሄደው።

ፊንላንድ ውስጥ ቫስታሞ የሚባል የግል የስነ ልቦና ሕክምና ድርጅት ነበር፣ በብዙ ከተሞች ቅርንጫፍ ያለው። የታካሚዎቹ ማስታወሻ ሳይመሰጠር አንድ ቋት ውስጥ ተቀምጦ ነበርና ሰው ሰብሮ ገባ። ነገሩ ለሕዝብ የወጣው እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2020 ነው። ሌባው መጀመሪያ ድርጅቱን ገንዘብ ጠየቀ። እምቢ ሲባል ወደ ታካሚዎቹ ዞረ። ለእያንዳንዱ ኢሜይል ላከ፦ በ24 ሰዓት ውስጥ 200 ዩሮ በቢትኮይን ካልከፈልክ ለአማካሪህ የነገርከውን ሁሉ እለቀዋለሁ፣ ከዘገየህ 500 ይሆናል። የተዘረፈው የ33,000 ሰው ያህል ፋይል ነው። ስንቱ ለሚስቱ ያልነገረውን እዚያ ተናግሯል! ድርጅቱ በጥቂት ወራት ውስጥ ከሰረ፣ ሰብሮ ገባ የተባለው ወጣት ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2024 ከስድስት ዓመት በላይ ተፈረደበት። ማስታወሻው ግን አንዴ ወጥቷል፣ ማን ይመልሰዋል።

ስለዚህ ላፕቶፕ አይጠቅምም እያልኩህ አይደለም። ጠይቃት። ላፕቶፑ የይለፍ ቃል አለው? ልጆቿ ጌም ይጫወቱበታል? ውስጡ ያለው ተመስጥሯል ወይስ ሀርድ ዲስኩን ነቅሎ ሌላ ኮምፒውተር ላይ የሰካ ሁሉ ያነበዋል? ፋይሉ በራሱ ጊዜ ወደ ጉግል ድራይቭ ይሄዳል? አንድ የኛን አገር ጉድ ደግሞ ልጨምርልህ፦ የት ነው ፕሪንት የምታደርገው? ባለሙያው ላፕቶፑን በአራት ቁልፍ ይቆልፍና ሪፈር የሚጽፍበትን ደብዳቤ ግን ጥግ ላይ ላለው ፎቶ ኮፒ ቤት ልጅ በቴሌግራም ይልክለታል። ፋይሉ እዚያ ዴስክቶፕ ላይ ከሰው የትምህርት ማስረጃና ከመታወቂያ ኮፒ ጋር ለዓመታት ይቀመጣል። የፊንላንዱ ሌባ ያን ያህል የለፋበትን ነገር እኛ በአምስት ብር ኮፒ አስደርገን ጥለነው እንሄዳለን።

ሚስቴን እርስዎን የመሰለች ካውንስለር ጋ የምልካት እኔ ነኝ። በወር የምከፍለውም እኔ ነኝ፣ በቴሌብር። ደውዬ «ምን ደረሳችሁ?» ስላት አልናገርም አለችኝ። ገንዘቤን ወስዳ? ይሄ አግባብ ነው?
ባለትዳሩ

አግባብ ነው ወንድሜ።

የከፈሉት ለሰዓቱ ነው እንጂ ለወሬው አይደለም። የባለቤትዎን ጥርስ ቢያስነቅሉ ጥርሱን ለእኔ ስጡኝ አይሉም መቼም። ሚስትዎ ካውንስለሯ ጋ የምትናገረው ነገር እርስዎ ጆሮ እንደሚገባ ካወቀች የምትናገረው ለእርስዎ የሚመች የሚመቸውን ብቻ ነው፣ እሱን ደግሞ ቤትዎ ውስጥ በነጻ ያገኙታል። ማወቅ ከፈለጉ ባለቤትዎን ይጠይቋት። ወይም ሁለታችሁም አብራችሁ ለመግባት ጠይቁ፣ ያኔ ደንቡ ሌላ ነው።

ሳልረሳው፣ በቴሌብር ሲልኩ ምክንያት የሚጻፍበት ቦታ ላይ «የካውንስሊንግ» ብለው ጽፈው ከሆነ ከዛሬ ጀምሮ ይተዉት። ሚስትዎ ስልክዎን የሚነካ ዘመድ እንዳለ ነግራኛለች ብዬ አይደለም፤ አላውቃትም፣ ባውቃትም አልነግርዎትም።

እንደምን አለሽ ልጄ። የ16 ዓመት ልጄን አማካሪ ጋ ወሰድኳት። አንድ ሰዓት ሙሉ እኔን ውጭ ወንበር ላይ አስቀምጠው ያወራሉ። ስትወጣ ዓይኗ ቀልቷል። ብጠይቃት ዝም። አማካሪውንም ብጠይቀው «ደህና ናት እናቴ» ብቻ። የወለድኳት እኔ ነኝ፣ ምን አለበት ቢነግረኝ?
ወ/ሮ አ.፣ ከባሕር ዳር

ደህና ነኝ እናቴ፣ ለጤናዎ ይስጥልኝ። ልጅዎን ይዘው መሄድዎ ራሱ ትልቅ ነገር ነው፣ ስንቱ እናት ጠበል ብቻ ወስዶ ይተዋል። (ጠበሉም ይሁን፣ አልተጣላሁም።)

ዓይኗ ቀልቶ ከወጣች ሥራ ተሠርቷል ማለት ነው። እዚያ ማልቀስ ከቻለች ቤት ውስጥ በር ዘግታ ማልቀሷ ይቀንሳል።

አማካሪው ግን አንድ ነገር አጓድሏል። እኔ ልጅ ይዞ የመጣ ወላጅ ሲያጋጥመኝ በመጀመሪያው ቀን ሦስታችን አንድ ላይ እንቀመጣለን። ልጅቷ እየሰማች ለእናትየው እንዲህ እላለሁ፦ ራሷን ልትጎዳ ካሰበች፣ ሰው እየጎዳት ከሆነ፣ ሕይወቷ ላይ አደጋ ካለ፣ እነግርዎታለሁ። ከመንገሬ በፊትም ለእሷ «ለእናትሽ ልነግር ነው» እላታለሁ። ማንን እንደምትወድ፣ ከማን ጋር እንደተጣላች፣ ስለ እርስዎ ምን እንዳለች ግን አልነግርዎትም። ከዚያ ለልጅቷ ዞሬ «ተስማማሽ?» እላለሁ። እናትየውንም «ተስማሙ?» እላለሁ። ያልተስማማ ካለ ሥራው አይጀመርም። ብዙ ጊዜ እናቶች ናቸው የሚያለቅሱት እዚያ ላይ፣ ልጆቹ እፎይ ይላሉ።

ይህ ስምምነት ለእርስዎ አልተደረገም ይሆናል። አሁንም አልመሸም። ለአማካሪው «ሦስታችን አሥር ደቂቃ እንቀመጥ፣ ምን ምን እንደሚነገረኝ ንገሩኝ» ይበሉት። ቤት ደግሞ ልጅዎን «ምን አልሽው?» ብለው አይጠይቋት። «ራት ቀርቧል» ይበሏት። ትመጣለች።

ባለፈው ቅዳሜ የአጎቴ ልጅ ሰርግ ላይ ካውንስለሬን አየኋት። ዓይን ለዓይን ተያየን። ሰላም ሳትለኝ አለፈች! ዝቅ አድርጋ አይታኝ ነው እንዴ?
ቢ.፣ ከአዳማ

ቢ. ወንድሜ፣ ይሄን ደብዳቤ ሳነብ ብቻዬን ሳቅኩ፣ ምክንያቱም በዚህ ጉዳይ የኩራተኛ ስም ወጥቶልኛል። አንድ ለቅሶ ላይ ሦስት ደንበኞቼ አንድ ድንኳን ውስጥ ተቀምጠው ያውቃሉ። አንዳቸው የሌላቸውን አያውቁም። እኔ መሐል ቆሜ ንፍሮ ይዤ ማንን ልይ? ጣሪያ ጣሪያ ሳይ ዋልኩ።

ሰላም ብትልህ ምን እንደሚከተል አስበው። አክስትህ «ማናት እሷ?» ትላለች። አንተ ትንተባተባለህ። በፈረንጅ አገር አንገት ነቅንቆ ማለፍ ይቻል ይሆናል፣ እዚህ ግን ሰላምታ ሦስት ጊዜ መሳሳም፣ «እናትህ እንዴት ናቸው»፣ «የት ነው የምትተዋወቁት» ያለበት ነገር ነው። ስለዚህ የኛ ሙያ ደንብ እንዲህ ነው፦ አንተ ቀድመህ ሰላም ካልክ እመልሳለሁ፣ ካላልክ አላውቅህም። ምርጫው ያንተ ነው። ኩራት አይደለም። ከፈለግክ በሚቀጥለው ስትገናኙ «ውጭ ካየሽኝ ሰላም በይኝ፣ የሥራ ባልደረባዬ ነች እላለሁ» በላት። ብቻ ውሸቱን አንተ አዘጋጀው፣ እሷን አታስዋሻት።

ቀጥታ ልጠይቅሽ። አንዳንዴ መኖር ያስጠላኛል። ይሄን ለካውንስለር ብናገር ፖሊስ ትጠራለች? ለቤተሰቤ ትነግራለች? እሱን ፈርቼ ዝም ብያለሁ።
ስም የለኝም

ስም የለኝም፣ መጻፍህ ጥሩ ነው። ወይም መጻፍሽ። ቀጥታ ስለጠየቅከኝ ቀጥታ ልመልስ።

«መኖር ያስጠላኛል» ብለህ ስለተናገርክ ማንም ፖሊስ አይጠራም። ይህን ዓረፍተ ነገር በሳምንት ስንት ጊዜ እንደምሰማ አታውቅም። እኔ የማደርገው ዝም ብዬ አለመደንገጥ ነው፣ ከዚያ መጠየቅ ነው፦ ከመቼ ጀምሮ? ሐሳብ ነው ወይስ ለማድረግ ወስነሃል? ዛሬ ማታ ማን ጋ ነህ? ብዙ ጊዜ እዚያው ክፍል ውስጥ አብረን እንጨርሰዋለን፣ ከክፍሉም አይወጣም። ዛሬ ማታ ራስህን ልትጎዳ ወስነህ ከሆነ ግን አዎ፣ ብቻህን እንድትሄድ አልፈቅድም፤ አንድ የምታምነውን ሰው እንጠራለን፣ አንተ የመረጥከውን፣ አንተ እየሰማህ። የምነግረውም «ዛሬ አጠገቡ ሁኑ» የሚለውን ነው እንጂ የነገርከኝን ታሪክ አይደለም።

ሌላው ሚስጥር የሚቆምበት ቦታ ሰው ላይ አደጋ ሲኖር ነው። ይህ ነገር በሙያችን ውስጥ የራሱ ታሪክ አለው። እ.ኤ.አ. በ1969 ካሊፎርኒያ፣ በርክሊ ዩኒቨርሲቲ አንድ ተማሪ አንዲትን ልጅ ሊገድል እንዳሰበ ለስነ ልቦና ባለሙያው ነገረው። ባለሙያው ለግቢው ፖሊስ አሳወቀ። ፖሊሶቹ ይዘው ጠየቁትና ደህና ነው ብለው ለቀቁት። ለልጅቷና ለቤተሰቧ ግን የነገራቸው አልነበረም። ገደላት። ወላጆቿ ከሰሱ፣ የካሊፎርኒያ ጠቅላይ ፍርድ ቤትም በ1976 ባለሙያው አደጋ ያንዣበበበትን ሰው የመጠበቅ ግዴታ አለበት አለ። ከዚያ ወዲህ በብዙ አገር ይህ ትምህርት ሆኖ ይሰጣል። እኔም በመጀመሪያው ቀን በማስፈርመው ወረቀት ላይ አለ፦ ሕይወትህ አደጋ ላይ ከሆነ፣ የሌላ ሰው ሕይወት አደጋ ላይ ከሆነ፣ ሕፃን እየተጎዳ ከሆነ፣ ወይም ፍርድ ቤት ካዘዘኝ። አራት ነገር። ካውንስለርህ የመጀመሪያ ቀን ይህን ካልነገረህ ሳትናገር ጠይቀው። ወሰኑን አውቆ የሚናገር ሰው አይደነግጥም።

እስከዚያው ግን ዛሬ ለአንድ ሰው ንገር። እኔን የመሰለ መሆን የለበትም። ሐሳቡ ከበረታብህ ቀጠሮ አትጠብቅ፣ አቅራቢያህ ያለ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ግባ።

እኔ ሲልቨር ስፕሪንግ ነኝ። እንግሊዝኛዬ ለዚህ ዓይነት ወሬ አይሆንም። ክሊኒኩ አስተርጓሚ አመጣልኝ፣ ብቅ ያለችው ቤተ ክርስቲያን አብራኝ የምታስቀድስ ሴት ናት! ዝም ብዬ «ጨጓራዬን ነው የሚያመኝ» ብዬ ወጣሁ። አፕ ላይ ልሞክር ወይ?
ት.፣ ከሜሪላንድ

ት. እህቴ፣ እኔም ብሆን ጨጓራዬን ነበር የምለው።

እዚያ አገር ያለሽ መብት ብዙ ሰው ከሚያስበው በላይ ነው። አስተርጓሚዋም እንደ ሐኪሙ ሚስጥር የመጠበቅ ግዴታ አለባት። ግን ግዴታው ኖረም አልኖረም፣ እሑድ እሑድ ፊቷን እያየሽ ልትናገሪ አትችዪም። ስለዚህ ክሊኒኩን «በስልክ የሚያስተረጉም፣ ከሌላ ስቴት የሆነ» ብለሽ ጠይቂ። የስልክ አስተርጓሚ አገልግሎት በሰፊው አለ። አስተርጓሚው ሙሉ ስምሽን ማወቅ አያስፈልገውም፣ «ታካሚዋ» ተብለሽ ማውራት ትችያለሽ። ድምፁን ካወቅሽውም «ሌላ ሰው» ማለት ትችያለሽ፣ ምክንያት አትስጪ። ከፌዴራል መንግሥት ገንዘብ የሚቀበል ክሊኒክ ደግሞ አስተርጓሚሽን ራስሽ ይዘሽ ነይ ሊልሽ አይችልም። ልጅሽን እንድታስተረጉም አታድርጊ፣ በፍጹም። የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ የእናቷን ትዳር በእንግሊዝኛ ስትተረጉም ማየት... ይቅር።

አፕ ላይ ልሞክር ወይ ላልሽው ደግሞ፣ መሞከር ትችያለሽ፣ ግን መጠይቁን ከመሙላትሽ በፊት አስቢ። ቤተርሄልፕ የሚባለው ትልቁ የኦንላይን ካውንስሊንግ ድርጅት ሚስጥር እጠብቃለሁ ብሎ ሲያበቃ የተጠቃሚዎችን ኢሜይልና ስለ አእምሮ ጤናቸው የመለሱትን መረጃ ለፌስቡክና ለስናፕቻት ለማስታወቂያ ሰጥቷል ተብሎ በአሜሪካ የፌዴራል ንግድ ኮሚሽን ተከሶ፣ እ.ኤ.አ. በ2023 7.8 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማምቷል። ጥፋተኛ ነኝ አላለም እሱስ። ገንዘቡን ግን ከፈለ።

ባንክ ነው የምሠራው። ሂውማን ሪሶርስ ካውንስለር ጋ ላከኝ፣ ክፍያው የባንኩ ነው። ሪፖርት ይጠይቃሉ?
ኃ.

ሊጠይቁ ይችላሉ። እኔ ለመሥሪያ ቤት የምጽፈው «ቀጠሮውን አክብሯል፣ ይህን ያህል ጊዜ መጥቷል» ነው፣ እሱንም አንተ አንብበህ ከፈረምክ በኋላ። ካውንስለርህ ከዚያ የዘለለ የሚጽፍ ከሆነ ከመጀመርህ በፊት ይንገርህ። «ለሥራ ብቁ ነው ወይ» የሚል ጥያቄ ከመጣ ደግሞ እሱ ምርመራ እንጂ ምክር አይደለም፣ ሌላ ባለሙያ ይሥራው።

ዱባይ ሰው ቤት ነው የምሠራው። አዲስ አበባ ያለች ካውንስለር በኢሞ ታናግረኛለች። ማዳም አማርኛ አትሰማም፣ ግን አብራኝ የምትሠራዋ ልጅ ትሰማለች። ስልኬንም አንዳንዴ ማዳም ትወስደዋለች።
ሰ.

ሰዬ፣ ቁልፉ አንቺ እጅ ላይ አይደለምና ካውንስለርሽ የበለጠ መጠንቀቅ አለባት። ድምፅ ቀርጻ አትላክልሽ፣ አንቺም አትላኪላት። የተቀረጸ ድምፅ ስልኩ ላይ ይቀራል። በጽሑፍም «ስለ ማዳም ወንድም ያልሺኝ ነገር» ብላ መጻፍ የለባትም፣ ቀጠሮ ብቻ ትጻፍ። ማዳም የማታነበውን ጎግል ይተረጉምላታል፣ ዘንድሮ አማርኛ አለማወቅ መጋረጃ አይሆንም።

አንድ ቃል ተስማሙ። «ሽንኩርት አለቀ» ስትያት ሰው መጣ ማለት ነው፣ ያኔ እሷ ስለ እናትሽ ጤና ማውራት ትጀምራለች። አንዳንድ ደንበኞቼ ቆሻሻ ሊጥሉ ሲወርዱ ባሉት አሥር ደቂቃዎች ነው የሚያወሩኝ። አሥር ደቂቃ ብዙ ነው። አደጋ ላይ ከሆንሽ ግን ለማን እንድትደውልልሽ እንደምትፈልጊ አሁን፣ ደህና እያለሽ፣ ንገሪያት።

አንድ ካውንስለር ጋ አራት ወር ሄድኩ። ከዚያ ቲክቶክ ላይ «አንድ ደንበኛ ነበረችኝ» ብሎ ታሪኬን ሲያወራ ሰማሁት። ስሜን ቀይሮታል። ግን ባለቤቴ የተወኝ በልጃችን ክርስትና ቀን መሆኑን፣ ያዘዝኩት ድንኳን እንኳን ሳይፈርስ፣ ሁሉንም አለው። እህቴ ናት ቪዲዮውን የላከችልኝ፣ «ይሄ ያንቺን አይመስልም?» ብላ።
የተቃጠለች

ይህን ደብዳቤ ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ተቆጥቼ ጻፍኩ፣ ሰረዝኩ፣ እንደገና ጻፍኩ።

እህቴ፣ ስም መቀየር ሚስጥር መጠበቅ አይደለም። ሰውን የሚያሳውቀው ስሙ ብቻ መሰለው። የክርስትናው ድንኳን ነው ያሳወቀሽ። እኛ ባለሙያዎች የሰው ታሪክ ለትምህርት ልንጠቀም እንችላለን፣ ሰውየው በጽሑፍ ከፈቀደ፣ ወይም የራሱ እናት ብትሰማው እንኳን እስከማታውቀው ድረስ ከተቀየረ። እህትሽ ካወቀችሽ አልተቀየረም። ለላይክ ነው የተሸጥሽው።

የምታደርጊውን ልንገርሽ። መጀመሪያ ቪዲዮውን ቀድተሽ አስቀምጪ፣ ነገ ያጠፋውና የለም ይልሻል። ከዚያ በጽሑፍ፣ በስልክ አይደለም፣ እንዲያወርደው ጠይቂው። በ2016 የወጣው የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ፣ ቁጥር 1321፣ የጤና መረጃን ልዩ ጥንቃቄ ከሚያስፈልጋቸው መረጃዎች ይመድበዋል፤ ስላንቺ የተያዘውን የማየት፣ የተሳሳተውን የማሳረም፣ እንዲሰረዝም የመጠየቅ መብት ይሰጥሻል። ተቆጣጣሪው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው፣ አቤቱታ እዚያ መቅረብ ይችላል። የ1996ቱ የወንጀል ሕግም አንቀጽ 399 ላይ በሙያው ያወቀውን ሚስጥር የሚያወጣ ሰው እንደሚቀጣ ይናገራል፣ ሐኪም፣ ጠበቃ፣ የሃይማኖት አገልጋይ ሁሉ እዚያ ተዘርዝረዋል። ይህ ክስ የሚንቀሳቀሰው አንቺ ስታመለክቺ ነው፣ ማንም ባንቺ ፋንታ አይጀምርልሽም። ጠበቃ አማክሪ። አንድ ሰዓት የጠበቃ ወጪ ይገባዋል።

መክሰስ ካልፈለግሽ ደግሞ አትክሰሺ። ፍርድ ቤት ሄዶ ታሪክን እንደገና መናገር የማይፈልግ ሰው ፈሪ አይደለም።

አሁን መጀመሪያ ላይ ያቆየኋት ነገር። እዚህ እትም ላይ የወጡት ደብዳቤዎች ሁሉ ተነካክተዋል። ከተማ ቀይሬያለሁ፣ የልጅ ዕድሜ ቀይሬያለሁ፣ አንዱን ወንድ ሴት አድርጌዋለሁ። ያንቺም ነገር የተከሰተው ክርስትና ላይ አልነበረም። የት እንደነበር እኔና አንቺ እናውቃለን። የደረሰኝን ወረቀት ደግሞ ይህ እትም ማተሚያ ቤት እንደገባ ቀድጄ እጥለዋለሁ።

የመጨረሻ፣ ለቀልድ ብለሽ አትለፊው። አንቺ ብትሞቺ ፋይላችን ምን ይሆናል?
ደንበኛሽ

ቢሮዬ ውስጥ ፊት ለፊቴ ተቀምጠሽ ያልጠየቅሽኝን በመጽሔት መጠየቅሽ! እሺ።

አንዲት የሙያ ባልደረባ አለችኝ። እሷ ጋ የታሸገ ፖስታ አለ፣ የእሷም እኔ ጋ አለ። ውስጡ የመሳቢያው ትርፍ ቁልፍና የቁጥሮቹ ዝርዝር ያለበት ቦታ ነው። እኔ አንድ ነገር ብሆን ቢሮዬን የምትከፍተው እሷ ናት፣ ባሌም እህቴም አይደሉም። ለእያንዳንዳችሁ ራሷ ትደውላለች። ስልኩን ሌላ ሰው ካነሳ «የሐሙሱ ቀጠሮ ተሰርዟል» ብቻ ትላለች፣ የምን ቀጠሮ እንደሆነ አትናገርም። ማስታወሻውን ልውሰድ ላለ ትሰጣለች፣ ወደ ሌላ ባለሙያ ይሂድልኝ ላለ ታስተላልፋለች፣ የቀረውን ትቀደዋለች። ሥራ ከጨረስን አምስት ዓመት ያለፈውን ደግሞ እኔው በየዓመቱ ጳጉሜ ላይ እቀደዋለሁ፣ የአዲስ ዓመት ጽዳት አካል ነው።

ጤናዬ ደህና ነው፣ እግዚአብሔር ይመስገን። ሐሙስ በሰዓትሽ ነይ።